የራሳችን ጌታ፣ የራሳችን ጭሰኛ

ባለፈው እትም በዚሁ መጽሔት ላይ «የራስህ አለቃ ሁን» በሚል ርእስ የወጣውን የጓደኛችንን ጽሑፍ አንብበናል። አንብበንም ዝም ልንል ነበር። ጸሐፊው ወዳጃችን ነው፤ ከአንድ ትሪ የምንበላ፣ አንድ መጽሐፍ ተራ በተራ የምናነብ ሰዎች ነን። ነገር ግን ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በየዶርማችን እየመጡ «የት ነው የሚመዘገቡት? ስንት ይገኝበታል?» ሲሉን በሰማን ጊዜ ዝምታችን እንደ ማታለል ሆኖ ታየን። ስለዚህ ይህን መልስ ጻፍን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ እንጀምር።

ጓደኛችን ያለው ባጭሩ ይህ ነው። ዘመኑ የቅጥር ዘመን አይደለም። ጠዋት ፈርሞ ገብቶ ማታ ፈርሞ መውጣት ያረጀ ያፈጀ ነገር ነው። ስልክና ላፕቶፕ ያለው ወጣት «ፍሪላንሰር» ሆኖ በፈለገው ሰዓት ይሠራል፣ በፈለገው ሰዓት ይተኛል፣ የአለቃ ፊት አያይም። የመንፈስ እርካታና የአካል ጤንነት የሚገኘውም በዚሁ ነው። በዚህ መንገድ ገብቶ የተጎዳ ቢኖር ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ጊዜውን መጠቀም አላወቀም፤ በጊዜ አይተኛም፤ ውሃ አይጠጣም።

ይህን ስናነብ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ገና አልተኛንም ነበርና።

ለመሆኑ እኛ ማን ነን? ስድስት ኪሎ የምንማር የቋንቋ፣ የታሪክና የፍልስፍና ተማሪዎች ነን። አንዳችን የሰው ልጅ ያስጠናል። አንዷ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ትተረጉማለች። አንዳችን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ የተቀዳ ድምፅ እየሰማ ወደ ጽሑፍ ይገለብጣል። ሌላው ለጥናት አድራጊዎች ቤት ለቤት እየዞረ መጠይቅ ያስሞላል። አንዳንዶቻችን ደግሞ፣ ይህን እያፈርን ነው የምንጽፈው፣ ለሌላ ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ እንጽፋለን። እንግዲህ የምንናገረው ከዳር ቆመን አይደለም። ከውስጥ ሆነን ነው። ጓደኛችን ሣሩን አሳየን፤ እኛ ደግሞ ገደሉን እናሳየው።

በመሠረቱ ስሙ አዲስ ይምሰል እንጂ ነገሩ ያው የጥንቱ የቁርጥ ሥራ ነው። ሸማኔው በጋቢው፣ ጠራቢው በድንጋዩ ቁጥር ሲከፈለው የኖረበት ነው። ካርል ማርክስ በ1867 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የ«ካፒታል» አንደኛ ቅጽ ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ አከፋፈል አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሠራተኛው በሰዓት ሳይሆን በሠራው ቁጥር ሲከፈለው ቆሞ የሚጠብቀው ተቆጣጣሪ ብዙም አያስፈልግም። ራሱን ራሱ ያስገድዳል። ቀኑን ማስረዘም፣ ጉልበቱን ማጣደፍ የገዛ ጥቅሙ ሆኖ ይታየዋል። ሁሉም ሲያጣድፍ ደግሞ የእያንዳንዱ ሥራ ዋጋ ቁልቁል ይወርዳል።

ጓደኛችን «አለቃ የለም» ያለው እንግዲህ ይህንን ነው። አለቃውማ አለ፤ ከደጅ ተነሥቶ ውስጣችን ገባ እንጂ።

እስቲ «በፈለግነው ሰዓት» የሚለውን እንመርምር። የሚያስጠናው ጓደኛችን በሳምንት ሦስት ቀን ከስድስት ኪሎ እስከ አያት ይመላለሳል። የሚከፈለው የሁለት ሰዓት ነው። ከግቢ የሚወጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አንድ የታክሲ ሰልፍ እዚህ፣ ሌላ ሰልፍ መገናኛ፣ ቀሪውን በእግር። ሲመለስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፎ፣ ካፌ ተዘግቶ ነው። የሁለት ሰዓት ዋጋ ለማግኘት አምስት ሰዓት ያወጣል ማለት ነው። አንድ ቀን ይሄንን ሁሉ ተጉዞ ደጁን ሲያንኳኳ የቤቱ ሠራተኛ ብቅ ብላ «ውይ! ልደት ሄደዋል እኮ፤ አልነገሩህም እንዴ?» አለችው። አልነገሩትም። አልከፈሉትምም።

ድምፅ የሚገለብጠውስ? የሚከፈለው በተቀዳው ድምፅ ደቂቃ ልክ ነው። አሥር ደቂቃ ድምፅ፣ ሁለት ሰው በአንዴ ሲያወራበት፣ ከኋላ ዶሮ ሲጮኽበት፣ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ክፍያው ግን የአሥር ደቂቃ ነው። ሥራው የሚለቀቀው አሜሪካ ሲረፍድ ነው፤ አሜሪካ ሲረፍድ እኛ ዘንድ ይመሻል። የዘገየ ስለማያገኝ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ይተኛል። ስልኩ ባይጮኽም ይነቃል። ይህ ሰው የሚሠራው በፈለገው ሰዓት ነው ወይስ በፈለጉት ሰዓት?

እዚህ ላይ ነው የነገሩ ቁልፍ ያለው። ፍሪላንስ የሚከፍለው ለሠራንበት ነው፤ የሚወስደው ግን የጠበቅንበትንም ነው። ይህ የእኛ ብሶት ብቻ አይደለም። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2021 (እ.ኤ.አ.) ስለ ኡበር ሾፌሮች በሰጠው ፍርድ ሾፌሮቹ የሠራተኛ መብት እንዳላቸው አረጋግጧል። መተግበሪያውን ከፍተው ጥሪ ለመቀበል ዝግጁ ሆነው የሚጠብቁበትም ጊዜ የሥራ ሰዓት ነው ብሏል። መጠበቅ ሥራ ነው! ይህን ለማስፈረድ ሾፌሮቹ ዓመታት ተሟግተዋል። የአንዳችን አጎት ዋሽንግተን አካባቢ በዚሁ ዓይነት ሥራ ይኖራል። ሁልጊዜ የሚደውለው ከመኪና ውስጥ ነው። «አሁን ሥራ ላይ ነህ፣ ጋሼ?» ሲባል «አይ፣ እየጠበቅሁ ነው» ይላል። ልጅ ሆነን «እየጠበቅሁ ነው» ማለት እረፍት ላይ ነኝ ማለት ይመስለን ነበር። አሁን ገባን።

አሁን ወደ አገራችን ሕግ እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ትርፍ ሰዓት የሠራ ሰው የመደበኛውን ክፍያ 1.75 እጥፍ ያገኛል። ሠራተኛ አንድ ዓመት ሲያገለግል 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። የታመመ እንደሆነ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ወራት ግማሹን እያገኘ ይታከማል። ይህ ሁሉ ግን በቅጥር ውል ለሚሠራው ነው። በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ለሚሠራ ሰው አዋጁ አይሠራም። «የራስህ አለቃ ሁን» የሚለው ምክር በሕግ ቋንቋ ሲተረጎም እንግዲህ ይህ ነው፦ ከአዋጁ ውጣ።

እኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስንሠራ ዋጋው ያው የቀኑ ዋጋ ነው። ስንታመም የሚከፈለን «ይማርህ» ነው፤ እሱም በቴሌግራም።

ይህን ስንል የተጋነነ የሚመስለው ካለ የተርጓሚዋን ጓደኛችንን ነገር ይስማ። ባለፈው ሰሚስተር ፈተና ላይ እንደተቀመጠች ራሷን ስታ ወደቀች። ያየቻት ነርስ «ምን በልተሽ ነበር?» አለቻት። አሰበች፤ ልታስታውስ አልቻለችም። ሦስት ሌሊት ስትተረጉም ነበር ያደረችው። አልጋ ላይ ሆና የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ስልኬ የት አለ?» ነበር፤ ጽሑፉን የምታስረክበው በዚያን ዕለት ነበርና። ለአሠሪው ሁኔታዋን ጻፈችለት። «ይማርሽ» አላት። በዚያው መልእክት ሥራውን ለሌላ ሰው መስጠቱን ነገራት። ለጨረሰችው ሠላሳ ገጽ አልከፈላትም። ማንን ትክሰስ? ውል የለም፤ ቢሮ የለም፤ የምታውቀው ስሙንና ፎቶውን ነው።

እናቷ ከደብረ ብርሃን ደወሉ። «ልጄ፣ ድምፅሽ ደክሞብኛል። ትተኛለሽ ወይ?»
«እተኛለሁ፣ እማ።»
«እንጀራስ ትበያለሽ?»
«እበላለሁ።»
«ታዲያ ምነው?»
ለዚህ መልስ አልነበራትም። ለእናቷ የምትልከው ገንዘብ ከዚያው ሥራ የሚገኝ ነውና «ሥራው ነው» ልትላቸው አልቻለችም።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) በጋራ ያወጡት ጥናት እንደሚያሳየው በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት በ2016 ብቻ ለ745 ሺህ ያህል ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል፤ በስትሮክና በልብ ሕመም። እንዲህ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ አደጋው በ35 በመቶ ይጨምራል። እስቲ እናንተም ደምሩት። ክፍል የምንቀመጥበትን፣ የምናነብበትን፣ ታክሲ የምንጠብቅበትንና የቁርጥ ሥራውን ደምራችሁ ከ55 በታች የመጣለት እጁን ያውጣ። ጨጓራ የግቢያችን የጋራ በሽታ የሆነው በበርበሬው ብቻ ይመስላችኋል?

ጓደኛችን ግን «በጊዜ ተኛ፣ ውሃ ጠጣ፣ በእግርህ ተንሸራሸር» ይለናል። ምክሩ ሐሰት አይደለም። ምክሩ ሰዓት ላለው ሰው ምክር ነው። ሰዓቱን ለተነጠቀ ሰው ግን ስድብ ነው። ጤናችንን የግል ጸባያችን ውጤት አድርጎ ማየት፣ የታመመውን «አንተ ነህ ጥፋተኛው» ማለት፣ በድሮዎቹ ተማሪዎች ቋንቋ ንዑስ ከበርቴያዊ አስተሳሰብ ይባል ነበር። ቃሉ ዛሬ ያስቃል። ነገሩ ግን አላረጀም።

የድሮዎቹን ካነሣን አይቀር፤ የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጥተዋል። ያን ጊዜ ጭሰኛው ካመረተው ላይ ሢሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰፍር ነበር። ጭሰኝነት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቀረ። ያ ጭሰኛ ከእኛ የሚሻልበት አንድ ነገር ነበር እንበል? መከራውን ከመከራችን ጋር ልናስተካክል አይደለም፤ ያ ነውር ነው። ነገር ግን ጭሰኛው ጌታው ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ቤቱ የት እንደሆነ ያውቅ ነበር። በበዓል ቀን ቀንበር አያነሣም። በሬው ሲደክም ይፈታዋል። እኛ ጌታውንም ጭሰኛውንም በአንድ ቆዳ ውስጥ ይዘን እንዞራለን፤ ጌታው ጭሰኛውን «ተነሥ» ሲለው የሚያስታርቅ ሽማግሌ እንኳ የለም። ገበሬ ለበሬው ያለውን ርኅራኄ እኛ ለራሳችን አጣን።

ሁለተኛው ጉዳት ብቸኝነት ነው። አገራችን የሥራን ድካም በደቦና በወንፈል ስታቀልል የኖረች አገር ናት። አጨዳው ሲደርስ ጎረቤት ይጠራል፤ ይዘፈናል፤ ጠላ ይጠጣል። የቁርጥ ሠራተኛው ግን ጎረቤቱ ተፎካካሪው ነው። አንድ ዶርም ውስጥ ሁለት ተርጓሚዎች ለአንድ ሥራ ዋጋ እየቀነሱ ሳይተዋወቁ ሲጫረቱ ማየት ደርሶብናል፤ አንዱ ላይኛው አልጋ፣ አንዱ ታችኛው አልጋ! ማን አሸነፈ? አሠሪው።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በጨመረ ጊዜ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። ከተማይቱ ቀጥ አለች፤ መንግሥትም ከጨመረው ዋጋ ላይ ለመቀነስ ተገደደ። ያን ያደረጉት ተራ ላይ እየተያዩ፣ እየተነጋገሩ ነው። ዛሬ በመተግበሪያ ጥሪ የሚሠራው ሾፌር ጥሪው የሚመጣው በየግል ስልኩ ነው። እኛም እንደዚያው። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው ተረት የሥራ መመሪያ ሆኖልናል።

ሦስተኛው ጉዳት የብዕራችን ነው። ይህች የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ናት። ባለፉት ሁለት እትሞች ግጥም የጠፋው፣ አጭር ልብ ወለድ የጠፋው ለምን ይመስላችኋል? ተሰጥኦ ስላለቀ አይደለም። ከመካከላችን የተሻለ የሚጽፈው ልጅ ባለፈው ዓመት የሌሎችን መመረቂያ ሲጽፍ ከርሞ የራሱን ሳያስረክብ ቀረ። በስሙ የሚጠራ አንድ ገጽ የለውም። ጽሑፉን የገዙት ተመርቀዋል፤ ፎቶ ተነሥተዋል፤ እሱ ፎቶውን አይቶ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ ጻፈላቸው። ሌባውም ተሰራቂውም አንድ ሰው ሲሆን ማየት ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ። በዚህ ላይ ድህነታችንን ምክንያት ማድረግ አንፈልግም። ነውር ነው፤ ነውሩም የእኛ ነው።

እንግዲህ «ታዲያ ምን ይሁን? ሥራውን ተዉት ነው የምትሉት?» የሚል ይኖራል። አይደለም። እውነቱን እንናገር። ከማስጠናት የሚገኘው ገንዘብ ፎቶኮፒ ይከፍላል፣ ለታናሽ እኅት ደብተር ይገዛል። ሰዓቱን ከክፍል ጋር ማስማማት መቻሉም እውነት ነው፤ የቢሮ ቅጥር ይህን አይፈቅድም። ከእኛ በፊት የተመረቁት ሥራ ፍለጋ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመው እናያቸዋለን። ደመወዝተኛም ቢሆን የአለቃ ግልምጫ የሚያውቅ ያውቀዋል። ይህን ሁሉ የካደ ዋሾ ነው። የምንቃወመው ሥራውን አይደለም፤ ስለ ሥራው የሚነገረውን ተረት ነው። ነጻነት ያልሆነውን ነጻነት አትበሉት፤ ያን ጊዜ እውነተኛውን መጠየቅ እንረሳለን።

ዓለምም ቢሆን ይህን መጠየቅ ጀምሯል። በጄኔቫ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሥራ ጉባኤ በጁን 2025 (እ.ኤ.አ.) በመተግበሪያ አማካይነት ስለሚሠራ ሥራ አስገዳጅ ስምምነትና ምክረ ሐሳብ እንዲዘጋጅ ወስኗል። ኢትዮጵያ ከ1923 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የድርጅቱ አባል ናት። ነገር ግን ጄኔቫ እስኪደርስልን ጨጓራችን አይጠብቅም። በእጃችን ካለው እንጀምር።

አንደኛ፣ ሰዓታችንን እንመዝግብ። የሠራንበትን ብቻ ሳይሆን የሄድንበትን፣ የጠበቅንበትን፣ ያረምንበትን። ስንት እንደምንሸጥ የማናውቅ ነጋዴዎች ነን።

ሁለተኛ፣ ያለ ቀብድ ሥራ አንጀምር። አናጢ እንኳ ቀብድ ሳይቀበል ጣውላ አይገዛም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ የተናቅነው ራሳችንን ስለናቅን ነው።

ሦስተኛ፣ ለገጽ ትርጉም፣ ለአንድ ሰዓት ማስጠናት፣ ለተቀዳ ደቂቃ የጋራ ዝቅተኛ ዋጋ እንቁረጥ። ከዚያ በታች የሚሠራ ሰው ላይ አንፍረድ፤ ቸግሮት ነውና። ነገር ግን እናነጋግረው፣ እናግዘው።

አራተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ስልኩ ይዘጋ። እሑድ የሚሻ እሑድ፣ ዓርብ የሚሻ ዓርብ። እናቶቻችን እኮ በበዓል ቀን ወፍጮ አይነኩም፤ እኛ ተማርን ብለን ከእነሱ አነስን።

አምስተኛ፣ እድር እናቁም። የቀብር ሳይሆን የሕመም እድር። ከያንዳንዱ ሥራ ጥቂት ብር ተቀምጦ የታመመው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳይሠራ እንዲተኛ።

ስድስተኛ፣ የሰው መመረቂያ መጻፍ ይቁም። ይህን ከሌላ ሰው አንጠብቅም፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እኛ» ካልነው እንጀምራለን።

ወንድማችን ሆይ፣ በቁጣ የተናገርን ብንመስል ቁጣው በአንተ ላይ አይደለም። አንተም ያን ጽሑፍ የጻፍከው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እንደነበር እናውቃለን፤ ክፍልህ ውስጥ መብራት አይተናል። ለራስህ ስትነግረው የነበረውን ነው ለእኛ የጻፍከው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር እንሰበሰባለን። ለመምጣት ከመካከላችን ሦስቱ የሰው ሥራ ይሰርዛሉ፤ ምን ያህል እንደሚያጡ ያውቁታል፤ መዝግበውታል። አንተም ና። ስልክህን ዶርም ትተህ ና።